የዘውዱ ሰጋር በቅሎ

አስረስ ከጉና ግርጌ፣ ከገሳይ በላይ ገብስ የሚዘራና በግ የሚያረባ ገበሬ ነበር። አንድ ጥማድ በሬ አለው፤ ጎተራው ክረምቱን ያሻግረዋል፤ ሚስቱ እመቤቴ ቤቱንም እሱንም አጥብቃ ትይዛለች። የጎደለው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ የሚቀመጥበት በቅሎ።

ይህ ጉድለት ለሌላ ሰው አይታይም። አስረስ ግን ሰርግም ተዝካርም በሄደ ቁጥር ይቆጠቁጠዋል። ባለበቅሎዎቹ ከዳሱ ደጃፍ ሲወርዱ ልጓማቸውን የሚቀበል ሰው ይሯሯጣል፤ እሱ እግሩን ሣር ላይ ጠርጎ ብቻውን ይገባል። የሚያስቀምጡትም ከበሩ አጠገብ፣ ነፋስ ከሚገባበት ነው፤ ሥጋው እዚያ ሳይደርስ ያልቃል። ስለዚህ ለሰው ሁሉ አያቱ ከበቅሎ ወርደው እንደማያውቁ ይናገር ነበር።

«አያትዎ በቅሎ ይጎትቱ እንደነበር ነው እኔ የሰማሁት» ትለዋለች እመቤቴ። «የተቀመጡበት ሌላ ሰው ናቸው።»

ጣልያን ደብረ ታቦር በገባ በዓመቱ የአክስቱ ልጅ ዘውዱ ሰው ሆነ። ዘውዱ ከዚያ በፊት ድቁና ጀምሮ የተወ፣ ንግድ ጀምሮ የተወ፣ ሚስትም አግብቶ የተወ ሰው ነው። ጣልያንን ግን አልተወም። አሥመራ ሁለት ዓመት ወጥ ቤት ሲሠራ የለቀማት ቋንቋ ነበረችውና ምሽጉ ውስጥ አስተርጓሚ አደረጉት፤ ቆየት ብሎም እስከ ገሳይ ያሉት መንደሮች በሱ እጅ ሆኑ። ሰው ፊት ለፊት «አቶ ዘውዱ» ይለዋል፤ ዘወር ሲል ባንዳ ይለዋል። አስረስ ሁለቱንም አይለውም። «የአክስቴ ልጅ» ይለዋል፤ ይህች አጠራር ለሁለቱም ወገን ትስማማለች።

ዘውዱ የሚቀመጥባት በቅሎ በአውራጃው የታወቀች ነበረች። ዳማ ናት፤ ቁመቷ ከፈረስ አያንስም፤ ኮርቻዋ በብር የተለበጠ፣ ግላሷ ቀይ ከፋይ ነው። ከሁሉም በላይ ሰጋር ናት። የተቀመጠባት ሰው እስከ አፉ የሞላ ዋንጫ ቢይዝ ጠብታ አይፈስበትም ይባላል። አስረስ በመንገድ ስታልፍ ባያት ቁጥር ሞፈሩን ይዞ ቆሞ እስክትሰወር ያያት ነበር።

በ1933 የካቲት ላይ ዘውዱ በዚችው በቅሎ ተቀምጦ ሳይታሰብ ከአስረስ ቤት ደረሰ። ጠላ ቀረበለት፤ ጠጣ፤ ስለ ዘመድ ሁሉ ጠየቀ። ጠይቆ የማያውቀውን የእመቤቴን እናት እንኳ ሳይቀር ጠየቀ። ከዚያ በኋላ ወደ ነገሩ ገባ።

«ወንድምዓለም፣ ይህችን በቅሎ ልሸጣት ነው።»

አስረስ ልቡ ዘለለ፤ ድምፁን ግን ረጋ አድርጎ «ምን ሆነች?» አለ።

«እሷ ምንም አልሆነችም። እኔ ነኝ የተሻለ ያገኘሁት። ከእንግዲህ የምሄደው በካሚዮን ነው፤ ከሾፌሩ ጎን። በዚህ ዘመን በበቅሎ የሚሄድ ኋላ ቀር ነው ይላል የምሽጉ ካፒቴን።»

«ታዲያ እኔን ኋላ ቀር ልታደርገኝ ነው?»

«አንተማ ገና እግረኛ ነህ። ላንተ እድገት ነው።»

አስረስ ይህ ስድብ ይሁን ምስጋና ሳይለይ ወጥቶ በቅሎዋን ዞራት። ጀርባዋን ዳበሰ፤ ገጣባ የለባትም። ኮቴዋን አነሣ፤ ደኅና ነው። «ዕድሜዋ ስንት ነው?» ሲል ጠየቀ።

«ስድስት።»

ከንፈሯን ገልጦ ጥርሷን አየ። ጥርሷ አሥራ አንድ ይላል። «ይህ የስድስት ዓመት ጥርስ ነው?»

«እኔ የማውቀውን ነው የነገርኩህ» አለ ዘውዱ። «ከዚያ በፊት የነበረው የሷ ጉዳይ ነው። ደግሞም ለሰርግና ለቤተ ክርስቲያን ብቻ የወጣች በቅሎ ናት።»

ዘውዱ ቤተ ክርስቲያን ከረገጠ አራት ዓመት እንዳለፈው አስረስ ያውቃል። ነገር ግን ያን ጊዜ ዓይኑ ከብሩ ኮርቻ ላይ ስለነበር አልታሰበውም። ዋጋው ከጥማዱ አንድ በሬና ጥቁሩ ባርኖስ ነው ተባለ። ለሌላ ሰው ቢሆን በሁለት በሬም እንደማይሰጣት፣ ለዘመድ ስለሆነ ብቻ እንደሆነ ዘውዱ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ ተናገረ። «ሦስት ቀን ያዛትና እያት። ገሳይ ገበያ ውጣባት። ካልወደድካት መልስልኝ።»

ሲሄድ በእግሩ ሄደ፤ በዋናው መንገድ ሳይሆን በገደሉ ሥር ባለችው የከብት መንገድ። አስረስ አላስተዋለም። እመቤቴ አስተዋለች።

«በካሚዮን የሚሄድ ሰው ምነው በገደል ሥር ሄደ?»

«ያቋርጣል ብሎ ይሆናላ።»

«ደብረ ታቦር በዚያ በኩል አይደለም። ደግሞስ ዘውዱ ለዘመድ በርካሽ መስጠት የጀመረው መቼ ነው?»

«አይተሻታል? ጀርባዋን አይተሻል?»

«አንቱ በቅሎዋን አይተዋል» አለች እመቤቴ። «እኔ ሰውየውን ነው ያየሁት።»

በማግስቱ የገሳይ ገበያ ነው። አስረስ ነጭ ኩታውን ለብሶ፣ ባርኖሱን ደርቦ ተቀመጠባት። በቅሎዋ መስገር ስትጀምር ውሃ ላይ የተንሳፈፈ መሰለው። አርባ ሁለት ዓመት ሙሉ እግሩ ሲረግጠው የኖረውን ድንጋይ ከላይ ሆኖ ሲያየው አዘነለት።

ጥቂት እንደሄዱ በቅሎዋ ከመንገዱ ወጣች። ልጓሙን ሳበው፤ አንገቷን ሰጠችው፤ እግሯ ግን አልቆመም። ቀጥ ብላ ሄዳ ከሞላ ግቢ በር ላይ አንድ እግሯን አሳርፋ ቆመች። ሞላ ንብ የሚያነብ ጎረቤት ነው፤ ከአስረስ ጋር ለዓመታት በደቦ አብረው ያጨዱ ናቸው። የኮቴ ድምፅ ሲሰማ ማር የሞላ ቅል ይዞ አንገቱን ደፍቶ ወጣ። ቀና ሲል አስረስን አየ።

«አንተ ነህ እንዴ?»

«እኔ ነኝ።»

«እሱስ?»

«እሱ በካሚዮን ሆኗል።»

ሞላ በቅሎዋን አየ፤ ቅሉን አየ፤ ትንሽ አሰበ። «እንግዲህ ላንተ ተላልፏል ማለት ነው» አለና ማሩን ከኮርቻው አንጠለጠለለት።

አስረስ «ኧረ ተው ሞላ» ሊል አፉን ከፈተ። ከአፉ የወጣው ግን «እግዜር ይስጥልኝ» ነው። ሞላም በሩን ዘጋ።

ቀጥሎ በቅሎዋ የታጠፈችው አስረስ ከማያውቀው ግቢ ነው። አንዲት ሴት እግሯ የታሰረ ዶሮ አምጥታ፣ ፊቱን ሳታይ ከማሩ ጎን አስራ ተመለሰች። አሁን ብመልስላት ትፈራለች፣ ብሎ አሰበ። ይህ አሳቡ ደስ አሰኘው፤ ለሴትዮዋ የተጨነቀ መሰለው።

ሦስተኛው ማቆሚያ ከገሳይ መግቢያ ነው። እዚያ ቤት የለም። የጠቆረ የድንጋይ ግድግዳና ወደ ውስጥ የወደቀ አጥር ብቻ ነው። በቅሎዋ ግን በር ከነበረበት ቦታ ቆመች። አስረስ በተረከዙ ጎሰማት፤ አልነቃነቅም አለች። ከአጥሩ ማዶ ኩበት የሚለቅሙ ፈንታነሽ የሚባሉ ባልቴት ቀና አሉ።

«አትምታት ልጄ፤ እስኪበቃት ትቆማለች። እዚህ ለምዳለች።»

«የማን ቤት ነበር እማማ?»

«የወንድሜ። በየሳምንቱ ቅቤ ይሰጥ ነበር። ኋላ ላሟ ሞተችና ቅቤው ቀረ። ቅቤው በቀረ በስምንተኛው ቀን ሽፍታ ያበላል ተባለ።»

የተቃጠለው ግድግዳ ፊቱ ስለነበር አስረስ የቀረውን አልጠየቀም። ጉሮሮውን ጠርጎ «እኔ እኮ ገና አልገዛኋትም፤ እያየኋት ነው» አለ።

ፈንታነሽ ከኮርቻው የተንጠለጠለውን ማርና ዶሮ አዩ። «እኔም እያየሁ ነው» ብለው ወደ ኩበታቸው ተመለሱ።

አስረስ እዚያው ላይ በቅሎዋን መልሶ ሊሰጥ ቆረጠ። ከቁርጡ ጋር ገበያ ገባ። ገበያው ላይ ግን ተቀምጦ የነበረው ሰው ሁሉ ተነሣ። እህል ሰፋሪው ቁናውን ቆልሎ ሰፈረለት፤ ቁና ቆልሎ የማያውቅ ሰው ነበር። ዓምና ከበር አጠገብ ያስቀመጠው የሰርግ ባለቤት ዛሬ እርካቡን ይዞ አወረደው። ፍርሃት ይሁን አክብሮት ከበቅሎ ላይ ሆኖ መለየት ያስቸግራል፤ አስረስም ለመለየት አልደከመም። ቁርጡን እዚያው ገበያ ጥሎት ተመለሰ።

እመቤቴ ከደጅ ቆማ ጠበቀችው። «ዶሮዋን ገዝተው ነው?»

«ተሰጠኝ።»

«ማን ሰጠዎ?»

«አላውቃትም።»

እመቤቴ የዶሮዋን እግር ፈታች። «ነገ ወስደው ይመልሱላት።»

«ነገ» አለ አስረስ። ያ ነገ አልመጣም። ዶሮዋ ጾሙን ሁሉ ስትጭር ከርማ በፋሲካ ወጥ ሆነች።

ሁለቱን ቀን አስረስ ከራሱ ጋር ተማከረ። እኔ ባልገዛት ሌላው ይገዛታል፤ ምናልባትም ክፉ ሰው፤ ይላል። መቆሙን ቀስ አድርጎ ማስረሳት ይቻላል፤ እኔ ዘንድ ብትሆን ለመንደሩም ይሻላል፤ ይላል። ገሳይ ላይ ሰው መነሣቱን ከምክንያቶቹ መካከል አልቆጠረውም፤ ሌሊት እንቅልፍ የነሣው ግን እሱ ነበር። በሦስተኛው ቀን ቀዩን በሬ ፈትቶ ከባርኖሱ ጋር ለዘውዱ ሰው አስረከበ።

እመቤቴ የበሬውን ግንባር ዳብሳ ሸኘችው። «ሰኔ ሲመጣ ማንን ሊጠምዱ ነው? እኔን?»

«ከሞላ ጋር እቀናጃለሁ።»

«ማሩን ከበሉት ሰው ጋር?»

አስረስ ሁለት ወር ሙሉ ባለበቅሎ ሆኖ ኖረ። በየግቢው መቆሙን ሊያስረሳት አልቻለም፤ ብዙም አልታገላት። እምቢ ልል ነው ብሎ የወጣበት ቀን ብዙ ነው፤ እምቢ ያለበት ቀን አልነበረም። በተዝካር ከቄሶቹ ቀጥሎ ያስቀምጡት ጀመር። አነጋገሩም ተለወጠ፤ ቀስ ብሎ ነበር የሚያወራው፤ ሰው እንዲጠብቀው ሆን ብሎ ያስላል። እመቤቴ በሳለ ቁጥር ውሃ ታቀርብለታለች።

ከፋሲካ በኋላ አንድ ቀን ከገሳይ ሲመለስ ከአንድ ጥድ ሥር ጠመንጃ የያዙ ሦስት ሰዎች መንገዱን ዘጉበት። ደምሴ የሚባለው የአርበኞች አለቃ ሰዎች ነበሩ። ደምሴ አምስት ዓመት በረሃ የቆየ ሰው ነው፤ አሁን ጣልያን በየቦታው እየተመታ ስለነበር ወደ ደብረ ታቦር እየተጠጋ ነበር።

«ውረድ ዘውዱ» አለው አንደኛው።

«ዘውዱ አይደለሁም።»

«በቅሎዋ እኮ ናት።»

«እሷስ ናት። እኔ አይደለሁም።»

ዘውዱ በየካቲት በገደል ሥር የሄደበት ምክንያት አሁን ገባው። ሰዎቹ በዚች በቅሎ የተቀመጠውን ለመግደል ከጥር ጀምሮ ሲፈልጉ እንደነበር፣ እስከ ገሳይ የዘለቁት ግን ገና አሁን እንደሆነ መንገድ ላይ ራሳቸው ነገሩት፤ የሚያወሩትም እንደ ተራ ወሬ ነበር። አስረስ እጁ የኋሊት ታስሮ ከኮረብታው ላይ ደምሴ ዘንድ ቀረበ። እመቤቴም ወሬው ደርሷት ሞላንና ፈንታነሽን ይዛ እየሮጠች መጣች።

ደምሴ ከድንጋይ ላይ ተቀምጦ ሞላን ጠየቀ። «ይህ ሰው ምን አደረገህ?»

«ምንም አላደረገኝ። ማር ሰጠሁት፤ ተቀበለ።»

«ጠይቆህ ነው?»

«በቅሎዋ ናት የጠየቀችኝ።»

ደምሴ ወደ ፈንታነሽ ዞረ። «አንቱስ እማማ፣ ባንዳ ነው ይላሉ?»

ፈንታነሽ አስረስን ከእግር እስከ ራሱ አዩት። «ባንዳ አይደለም» አሉ። «ባንዳ ለመሆን እንኳ የተነሣው ሌላው ሲጨርስ ነው።»

ሰዎቹ ሳቁ። አስረስ በዚያች ሳቅ ነፍሱ እንደተረፈች ገባው፤ ሆኖም ቢተኩሱብኝ ይሻል ነበር የሚል አሳብ ለአንድ አፍታ መጣበት። እመቤቴ ወደ ፊት ወጥታ «ጌታዬ፣ ባሌ ሞኝ ነው። ሌላ ወንጀል የለበትም» አለች። ደምሴም ፈረደ፤ በቅሎዋ ለአርበኛ ትሆናለች፤ የአርበኛውን ስንቅ ግን የሚቀመጡባት በቅሎ ስለማትጫን አስረስ ይሸከማል።

ሚያዝያን፣ ግንቦትን፣ የሰኔንም ዝናብ አስረስ ዱቄት በጀርባው እየተሸከመ ከጉና እስከ ደብረ ታቦር ዳርቻ ተመላለሰ። የጀርባው ቆዳ ተላጠ፤ ጉልበቱ አበጠ። አንዳንድ ቀን ደምሴ በበቅሎዋ ተቀምጦ እየሰገረ ያልፈዋል። በቅሎዋ ልማዷን አልተወችም፤ ከሞላ በር ስትቆም ሞላ ቅሉን ይዞ ይወጣል። ደምሴም አንድ ጊዜ «ኧረ ተው» ብሎ ነበር፤ ሁለተኛ አላለም። አስረስ ዱቄቱን ተሸክሞ ይህን ሲያይ ለመጀመሪያ ጊዜ የልብ ዕረፍት ተሰማው።

ሰኔ ሳያልቅ በደብረ ታቦር የነበረው ጣልያን እጁን ሰጠ። ምሽጉ ሲከፈት ከሁሉ ቀድሞ የወጣው ዘውዱ ነው። ጠጉሩን እንደ አርበኛ አጎፍሯል፤ ነጭ ሸማ አጣፍቷል፤ በእጁ የዱቄት መጋዘኑን ቁልፍ ይዟል። ቁልፉን ከደምሴ እግር ሥር አኖረና አምስት ዓመት ሙሉ የውስጥ አርበኛ ሆኖ እንደተሰቃየ እያለቀሰ ተናገረ።

ከሰዎቹ አንዱ «ማን ያውቅልሃል?» አለው።

«በቅሎዬ ታውቅልኛለች» አለ ዘውዱ። «በየካቲት ለአርበኛው ትድረስ ብዬ በአክስቴ ልጅ እጅ የላክኋት እኔ ነኝ። አስረስ ይጠየቅ።»

አስረስ ዱቄቱን አውርዶ ደምሴ ካለበት የምሽጉ አዳራሽ ገባ። አዳራሹ በሰው ተሞልቷል፤ አስረስን አስማሉት፤ ጸሐፊ ብዕሩን ይዞ ይጠብቃል። አስረስ አልላከኝም ቢል ከባንዳ በቅሎ ገዝቶ የድሀ ማር ሲበላ የከረመ ሰው ይሆናል። ልኮኛል ቢል መልእክተኛ ይሆናል፤ በሬው ግን የበቅሎ ዋጋ መሆኑ ይቀራል። ዘውዱ በእርጥብ ዓይኑ እያየው «ወንድምዓለም፣ እውነቱን ብቻ ተናገር» አለው።

«ልኮኛል» አለ አስረስ።

ደምሴ አገጩን አሻሸ። «ታዲያ ያን ጊዜ አስረን ስናመጣህ ለምን አልተናገርህም?»

አስረስ ወለሉን አየ። «ምስጢር ነበር ጌታዬ።»

የሳቀ የለም። ደምሴ ቁልፉን አየ፤ ከውጭ የተራበ ጦሩ የሚያሰማውን ጫጫታ አዳመጠ። ከዚያም ጸሐፊውን «ጻፈው» አለው። ጸሐፊውም ጻፈ።

ዘውዱ ስለ አገልግሎቱ በቅሎዋ ተመለሰችለት፤ ክረምቱ ሲወጣም እነዚያኑ መንደሮች እንዲጠብቅ ተሾመ። ቀዩ በሬ ማን ዘንድ እንዳለ የጠየቀ አልነበረም፤ አስረስም መጠየቅ አይችልም፤ ያልሸጡለትን በቅሎ ዋጋ እንዴት ይጠይቃል። ለሱ የተሰጠው ማኅተም ያለበት አንድ ወረቀት ነው።

ወረቀቱን በእጁ ይዞ ቤቱ ገባ። እመቤቴ ማንበብ ስለማትችል የንስሐ አባታቸውን ቄስ ንዋይን አስጠራች። ቄሱ ወደ ብርሃን ወጥተው አነበቡት፤ በጠላት ዘመን ለአገሩ በታማኝነት ስለ ማገልገሉ ለአቶ አስራት የተሰጠ ምስክር ነው ይላል።

«አስራት ማን ነው አባ?» አለች እመቤቴ።

ቄሱ አስረስን አዩ። አስረስ ጉልበቱን እያሸ «እኔ ነኝ» አለ።

«ታዲያ ሄደው አያስተካክሉትም?»

«ለማስተካከል እንደገና መማል ያስፈልጋል ይላሉ።»

እመቤቴ ወረቀቱን በጨርቅ ጠቅልላ ከሣጥን አኖረችው። ጎረቤት መጥቶ ምን እንደሆነ ሲጠይቃት፣ አስራት የሚባል ሰው አደራ ያስቀመጠው ነው፣ ትል ነበር።